ልጅን ለስካንዲኔቪያ ብርድ ማልበስ፦ ከውስጥ ሱፍ እስከ ውጪ ጓንት

ከኦክቶበር እስከ ማርች ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ልጄን አምስት ልብስ ደራርቤ ነው የላክሁት። መምህሯ ግን በርዶታል ትለኛለች። ሌላ ምን ልጨምር?» መልሴም አንድ ነው፦ ሁለቱን ቀንሱለት።

ልጁ የበረደው አልቦት ነው። ጥጥ ካናቴራ፣ ጥጥ ሹራብ፣ ጂንስ፣ በላዩ ወፍራም ጃኬት። ሲሮጥ ያልበዋል፣ ጥጡ ላቡን ይጠጣዋል፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ ሲል ያ ላብ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዛል። ስድስተኛ ልብስ ብትጨምሩ የበለጠ ያልበዋል እንጂ አይሞቀውም።

ይህ መመሪያ ከ1 እስከ 6 ዓመት ላሉ፣ ፎርስኮላ (የስዊድን መዋዕለ ሕፃናት) ለሚውሉ ልጆች ነው። ኖርዌይ ያላችሁ ባርነሃገ በሉት፣ ዴንማርክ ያላችሁም የራሳችሁን ስም ስጡት፤ ሥራው ያው ነው። በሦስቱም አገር ልጆች በየቀኑ ውጪ ይወጣሉ። «ዛሬ ይበርዳልና ውስጥ አቆዩልኝ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ለአንድ ልጅ ብሎ ውስጥ የሚቀር ሠራተኛ የለም። ማልበሱን መልመድ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ከተማችሁን እወቁ

ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን ብርድ ዓይነት ለዩ። ሁለት ነው።

እርጥብ ብርድ፦ ማልሞ፣ ዮተቦሪ (ጎተንበርግ)፣ ኮፐንሃገን፣ በርገን። ቴርሞሜትሩ ዜሮ አካባቢ ይመላለሳል። ዝናብ፣ ንፋስ፣ የቀለጠ በረዶ። ስዊድኖች ይህን ጭቃና በረዶ የተቀላቀለበትን ነገር ስላስክ ይሉታል። እዚህ ዋናው ልብሳችሁ የዝናብ ልብስ ነው።

ደረቅ ብርድ፦ ኡሜኦ፣ ሉሌኦ፣ ኪሩና። ከዜሮ በታች 15 እና 20 ይወርዳል፤ በረዶው ግን እንደ ዱቄት ስለሆነ ከልብስ ላይ ይራገፋል። እዚህ ዋናው ኦቨሮል ነው፤ ማለትም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነው ወፍራም ልብስ።

ስቶክሆልምና ኦስሎ ያላችሁ ሁለቱም ያስፈልጋችኋል። አንዳንዴም በአንድ ሳምንት ውስጥ።

ለኔ ከዜሮ በታች 10 የሆነ ደረቅ ቀን፣ ከዜሮ በላይ 2 ሆኖ ከሚዘንብበት ቀን መቶ ጊዜ ይሻለኛል። ብዙ ወላጅ ግን የሚፈራው በተቃራኒው ነው። ልጁን ከዜሮ በታች 10 ላይ በደንብ ያለብሰውና በ2 ዲግሪ በጂንስ ይልከዋል።

ደረጃ 2፦ ግዙ፣ ግን በሴፕቴምበር

በረዶ ከጣለ በኋላ ሱቅ ብትሄዱ የልጃችሁ ቁጥር አልቋል። ዋጋ የሚወርደው ከፈረንጆች ገና ማግስት ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ።

የሚያስፈልገው ይኸው፦

• የሱፍ የውስጥ ልብስ ላይና ታች፣ 3 ጥንድ
• የሱፍ ካልሲ፣ 4 ጥንድ
• ፍሊስ (ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ወይም የሱፍ ሹራብና ሱሪ፣ 2
• ኦቨሮል፣ 1
• የዝናብ ጃኬትና ባለማንገቻ የዝናብ ሱሪ፣ 1
• የበረዶ ቦት ጫማ 1፣ የዝናብ ቦት ጫማ 1
• ውሃ የማያስገባ ጓንት 2 ጥንድ፣ ቀጭን የሱፍ ጓንት 2 ጥንድ
• ፊት ብቻ የሚያሳይ፣ አንገት የሚሸፍን ኮፍያ (ባላክላቫ)፣ 2

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ጂንስ ይቅር። ጋቢ ሶፋ ላይ ይቆይ፤ ቤት ውስጥ የሚያህለው የለም፣ ግን ጥጥ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። ያንን ብርድ የሚችለው በበግ ፀጉር ባናና በርኖስ ነው። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም እንደ እርጥብ ጥጥ ገላ ላይ አይቀዘቅዝም።

ልብሱ መለያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቡ አትሳሳቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ኡል» ሱፍ ነው። «ቡሙል» ጥጥ ነው። በስዊድንኛና በኖርዌይኛ ሁለተኛው ቃል መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ቃል እንዳለ ስለተጻፈ፣ አዲስ የመጣ ሰው አይቶ «ሱፍ አገኘሁ» ብሎ ጥጥ ይዞ ይወጣል። ዴንማርክኛም ያው ነው። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ሦስት የጥጥ ቱታ በሱፍ ስም ገዝቻለሁ። ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል አንብቡ። ከዚያ መቶኛውን እዩ።

ቁጥር። ልብስ ላይ ያለው 92፣ 98፣ 104 የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ነው። ዕድሜውን ትታችሁ ግድግዳ ላይ አቁማችሁ ለኩት። የውስጥ ሱፍ ልክክ ይበል። ኦቨሮል አንድ ቁጥር ይስፋ። ሁለት ቁጥር ካሰፋችሁ ግን ልጁ በራሱ ሱሪ ይጠለፋል።

ጫማ። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ መሬት ላይ አድርጉ፣ ልጁ ወፍራም ካልሲ አድርጎ ይቁምበት። ከአውራ ጣቱ ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ጠባብ ቦት ያበርዳል፤ አየር ከሌለ ሙቀት አይኖርም። «በሁለት ካልሲ ይሞቀዋል» ብለው ጫማውን የሚያስጨንቁ ወላጆች ራሳቸው ናቸው የሚያበርዱት።

የዝናብ ልብስ። መለያው ላይ ያለው ሚሊ ሜትር ልብሱ የሚችለውን የውሃ ግፊት ይነግራችኋል። ልጅ እርጥብ መሬት ላይ ስለሚንበረከክና ስለሚቀመጥ 10000 አካባቢ ፈልጉ። ስፌቱ በውስጥ በኩል በሙቀት የተለጠፈ ይሁን።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ስዊድኖቹ ራሳቸው ይገዛሉ፤ ልጅ በአንድ ዓመት ጥሎት የሚያድገውን ኦቨሮል ማን በሙሉ ዋጋ ይገዛል? ኢንተርኔት ላይ ስዊድን ብሎኬት፣ ኖርዌይ ፊን፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሎፒስ (ያገለገለ ዕቃ ገበያ) አለ። ግን ፈትሹ፦

• ሱፉን ወደ መብራት ያዙት። ብል የበላው ቀዳዳ ይታያል።
• የኦቨሮሉ ጉልበትና መቀመጫ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ውሃው ተንከባሎ ከወረደ ግዙ፣ ጨርቁ ከጠጣው ተዉት።
• ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ።
• ያገለገለ ጫማ ላይ ተጠንቀቁ። ሶሉ ወደ አንድ ጎን የተበላ ከሆነ አትንኩት።

ደረጃ 3፦ ከመጀመሪያው ብርድ በፊት ያለው ቅዳሜ

1. ሁሉም ነገር ላይ ስም ለጥፉ። እያንዳንዱ ጓንት ላይ። የስልክ ቁጥር ጨምሩ። ፎርስኮላ ውስጥ ሃያ ልጅ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጓንት አለው።

2. አንጸባራቂ አንጠልጥሉ። በዲሴምበር ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ልጁን የምትወስዱትም የምታመጡትም በጨለማ ነው። ጥቁር የለበሰ እግረኛ ለሾፌር የሚታየው ከ20 እስከ 30 ሜትር ሲቀረው ሲሆን፣ አንጸባራቂ ያደረገ ግን ከ125 ሜትር ገደማ ይታያል። ልጁ ጉልበት አካባቢ፣ በግራም በቀኝም አድርጉ። ለራሳችሁም።

3. ልጁ እቤት ለብሶ ይለማመድ። አሯሩጡት፣ ቁጢጥ አስደርጉት። ቁጢጥ ሲል ጀርባው ከታየ ልብሱ አጭር ነው። ጓንት ለብሶ አካፋ መያዝ ካልቻለ ጓንቱን አውልቆ እንደሚጥለው እወቁ።

ደረጃ 4፦ ማልበስ፣ በቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉን ከቀየራችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ወይ አንገት ይቀራል፣ ወይ ካልሲ ይሾልካል፣ ወይ ሽንቴ መጣ ይላል።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ልበሱ። ጃኬታችሁ ሲቀር ሁሉንም። ልጁ ለብሶ እናንተ ቁልፍ ስትፈልጉ ኮሪደር ላይ ያልበዋል። ያኔ ከቤት ሳይወጣ ነገሩ ተበላሸ።

2. ሽንት ቤት። «አልመጣብኝም» ቢልም ይሂድ።

3. የሱፍ ካናቴራ፣ ቀጥሎ የሱፍ ሱሪ። ካናቴራውን ሱሪው ውስጥ ክተቱ። ከሥሩ ጥጥ አይኑር፤ ከፓንት ወይም ከዳይፐር በስተቀር ሱፉ ገላውን ይንካ። የሚያሳክከው ከሆነ ሜሪኖ የተባለውን ለስላሳ ሱፍ ሞክሩ።

4. ካልሲ፣ በሱሪው ጫፍ ላይ ወደ ላይ ተስቦ። ከሥር ከሆነ ቦት ሲያደርግ ሱሪው ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ቁርጭምጭሚቱ ራቁቱን ይቀራል።

5. ፍሊስ ወይም የሱፍ ሹራብ። ቀኑን አይታችሁ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

6. ባላክላቫ። አሁን፣ ከኦቨሮሉ በፊት። የአንገቱ ክፍል ኦቨሮሉ ውስጥ መግባት አለበት። ከላይ ከሆነ በረዶ በአንገቱ ይገባል።

7. ኦቨሮል። መሬት ላይ ዘርጉት፣ ዚፑ ወደ ላይ። ልጁ ላዩ ላይ ይቀመጥ። እግር፣ እግር፣ ይነሳ፣ እጅ፣ እጅ፣ ዚፕ። የፎርስኮላ መምህራን አሥራ አምስት ልጅ የሚያለብሱት እንዲህ ነው። ዚፑን ስትዘጉ አገጩን በጣታችሁ ከልሉ። አንዴ የተቆነጠጠ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያስታውሳል።

8. ቦት ጫማ። የኦቨሮሉ እግር ከጫማው ውጪ ይውረድ፣ ላስቲኩ ከሶሉ ሥር ይለፍ። ውስጥ ከከተታችሁት ውሃው ሁሉ ወደ ጫማው ይፈሳል።

9. ጓንት መጨረሻ። አጭር ጓንት ከሆነ እጅጌው በላዩ ይምጣ። ረጅም አንገት ያለው ከሆነ እጅጌው ላይ ይሳብ። ለትንሽ ልጅ አምስት ጣት ያለውን አትግዙ። አውራ ጣት ብቻ የተለየው ይሞቃል፣ ለማልበስም ጠብ አያስነሳም።

10. በሩን ክፈቱ። ወዲያው።

ደረጃ 5፦ የዛሬ ልብስ ስንት ነው?

ከዜሮ በላይ ከ5 እስከ 10፦ የውስጥ ሱፍ ወይም ቀጭን ፍሊስ፣ በላዩ የዝናብ ልብስ። ደርቆ ከዋለ ቀጭን ጃኬት ይበቃል።

ከዜሮ ወዲህና ወዲያ በ5 ዲግሪ ውስጥ፦ አስቸጋሪው ይህ ነው። የውስጥ ሱፍ፣ ፍሊስ፣ በላዩ የዝናብ ልብስ። ኦቨሮል በዝናብ ቀን ቀስ በቀስ እርጥበት ያስገባል፤ ማታም አይደርቅም። «ዜሮ ዲግሪ ነው» ብላችሁ ኦቨሮል አትቸኩሉ። መስኮቱን እዩ።

ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 15፦ የውስጥ ሱፍና ኦቨሮል። ከ10 ካለፈ ፍሊስ ጨምሩ።

ከዜሮ በታች ከ15 ካለፈ፦ ሁሉም ላይ ሁለተኛ ሱፍ፣ ጓንት ሥር ቀጭን የሱፍ ጓንት። ትንንሾቹን ፎርስኮላው ራሱ በዚህ ብርድ ብዙም አያቆይም።

ልክነቱን ለማወቅ እጁን አትዳስሱ። የልጅ እጅ ሁሌም ይቀዘቅዛል። ጣታችሁን ማጅራቱ ውስጥ አስገቡ። ሞቆ ደረቅ ከሆነ ልክ ነው። ካላበው አንድ ቀንሱ። ከቀዘቀዘ አንድ ጨምሩ። ሌላ መለኪያ የለም።

ደረጃ 6፦ የፎርስኮላው ሳጥን

ሁለት ሙሉ ቅያሪ የውስጥ ሱፍ፣ ሁለት ካልሲ፣ አንድ ፍሊስ፣ አንድ ትርፍ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት። ከምሳ በኋላ እንደገና ይወጣሉ፤ የጠዋቱ ጓንት ግን እርጥብ ነው። ብዙ ፎርስኮላ ማድረቂያ ቁም ሳጥን አለው፣ ግን ሁሉም ልጅ ይጠቀምበታል። አርብ አርብ ሳጥኑን ፈትሹ። መምህራኑን በስማቸው ጠርታችሁ «ዛሬ ምን ጎደለው?» በሏቸው። እዚህ «እትዬ» ብሎ ነገር የለም፤ ቅር አይበላችሁ።

ልጃችሁ ገና ጨቅላ ከሆነ ቀን ቀን ውጪ ጋሪ ውስጥ ሊያስተኙት ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በቪዲዮ አይታ «ኧረ በስመ አብ! ሕፃኑን በረዶ ላይ ጥላችሁት ነው እንዴ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እዚህ የተለመደ ነው፤ ልጁም ደህና ይተኛል። የውስጥ ሱፍ፣ ኮፍያ፣ ወፍራም የጋሪ ከረጢት፣ ከሥሩ ፍራሽ። ፊቱ ላይ ምንም አታልብሱ። የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ንገሯቸው፤ ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

መኪና። ወፍራም ኦቨሮል ለብሶ የመኪና ወንበር ላይ አትሰሩት። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል፤ ግጭት ሲመጣ ግን ልብሱ ይጨማደድና ልጁ ይሾልካል። ኦቨሮሉን አውልቁ፣ ልጁን እሰሩት፣ ብርድ ልብሱን ከቀበቶው በላይ ደርቡ።

ስካርፍና ገመድ። መጫወቻው ላይ ተጠምዶ አንገት ያንቃል። ስካርፍ ይቅር፣ ባላክላቫው ይበቃል። ያገለገለ ጃኬት ኮፍያው ላይ ገመድ ካለው ቆርጣችሁ አውጡት።

ሹሩባ። ሱፍ ኮፍያ የልጆቻችንን ፀጉር ያደርቃል፣ ይሰብራል። ውስጡ ሳቲን የተሰፋበት ኮፍያ ፈልጉ ወይም ራሳችሁ ስፉበት። ጉጥ ያለው ወይም ዶቃ የተደረገበት ሹሩባ ባላክላቫ ሥር አይመችም፤ የተጋደመ ይሁን።

ቅባት። የማታ ሥራ ነው። ውሃ የበዛበትን ክሬም ጠዋት በሩ ላይ አትቀቡ። ከብርድ ይጠብቃል ብላችሁም አትተማመኑ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

አልለብስም ብሎ ከወለሉ ጋር ሲጣበቅ፦ አትታገሉት። ኦቨሮሉን በከረጢት ያዙና በሱፉና በፍሊሱ በር ላይ አውጡት። በግማሽ ደቂቃ «በረደኝ» ይላል። ያኔ አልብሱት። ከዜሮ በታች 15 ላይ ይህን አትሞክሩ።

ጫማው ውስጡ ከረጠበ፦ ሶሉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩ። የጋለ ራዲያተር ላይ አታስቀምጡ፤ ሙጫው ይለቃል።

ዚፕ ሲነክስ፦ ጥርሶቹን በሻማ ወይም በእርሳስ ጫፍ እሹ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ምላሱ ብረት ላይ ሲጣበቅ፦ አንድ ቀን ይሞክረዋል። ሁሉም ይሞክሩታል። አትጎትቱ። ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት። ውሃ ከሌለ በአፋችሁ ትንፋሽ አሙቁለት።

ጣቱ፣ ጆሮው ወይም ጉንጩ ከደነዘዘ፦ ቆዳው ነጭ ይሆናል ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ግራጫ ወይም ሰም የመሰለ ሆኖ ነው የሚታየው። ወደ ቤት ግቡ። እጁን በብብታችሁ ወይም በሆዳችሁ ቆዳ አሙቁ። አትሹት፣ በረዶ አትቀቡት፣ ምድጃ አታስጠጉት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ስዊድን ያላችሁ 1177 (የጤና ምክር መስመር) ደውሉ። ልጁ ከፈዘዘ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ቃል ከተጎተተበት ስዊድንና ዴንማርክ 112፣ ኖርዌይ 113። ሳትጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ማታ

ልብሱን ከቦርሳ ዛሬውኑ አውጡ። ጓንቱን ገልብጣችሁ ስቀሉ። ኦቨሮሉን ጭቃው ሲደርቅ አራግፉት እንጂ በየቀኑ አትጠቡት።

ሱፍ ካልቆሸሸ ማጠብ አያስፈልግም፤ መስኮት ላይ ሰቅላችሁ ንፋስ ይንካው። ስታጥቡ 30 ዲግሪ፣ የሱፍ ፕሮግራም፣ የሱፍ ሳሙና። ማለስለሻ አታድርጉ፤ የዝናብ ልብስ ላይም እንደዚሁ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከገባ የ104 ልብስ የአሻንጉሊት ይሆናል። የሕንፃችሁ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተራችሁ ሲያልቅ ቸኩላችሁ ሁሉንም አንድ ላይ የምትከቱት ያኔ ነውና ሱፉን ቀድማችሁ ለዩት።

ከመተኛታችሁ በፊት የነገውን የአየር ሁኔታ እዩ፣ ልብሱን በአለባበሱ ተራ ወንበር ላይ ደርድሩ። ሱፉ ከላይ፣ ጓንቱ ከሥር። ሰኞ ጠዋት የግራ ጓንት ከጠፋ መጀመሪያ የኦቨሮሉን እጅጌ ውስጥ እዩ፣ ቀጥሎ የፎርስኮላውን የጠፉ ዕቃዎች ቅርጫት። የልጄ ጓንት እዚያ ሦስት ጊዜ ተገኝቷል።